ለነጋዴዎቹ የፈተሽኩት ቬፕ

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በወጣሁበት ሰሞን ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ፓርኩ ውስጥ አንድ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ነበር የምሠራው። ትእዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ ፈረቃ አጠፉ፣ ቀጥለው ሰው ቀነሱ። ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የአባቴ ቤት ተመልሼ ወደ መንገድ በሚያወጣው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋሁና ሞባይል፣ የሶላር መብራት፣ ባትሪ፣ ያገኘሁትን ሁሉ መጠገን ጀመርኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ የሠራ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ናት» ይላል። ደንበኛው የተሰነጠቀ ስልኩን ይዞ «እሺ አባባ» ይለዋል። እኔ ውስጥ ሆኜ እሳቀቃለሁ።

ኢብሮ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሙሉ ስሙ ኢብራሂም ነው፤ ድሬ ላይ ግን በሙሉ ስም የሚጠራህ የቀበሌ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ ደረጃ አብረን ተምረናል። ተወልዶ ያደገው ከወንዙ ማዶ መጋላ ሰፈር ነው፤ አባቱ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እሱ ግን ከአባቱ ጥላ መውጣት ፈልጎ ቻርጀርና ማራገቢያ በጅምላ ይሸጣል። ሚስቱን ነጂማንም ከተማሪነት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስትዳር ከጎኗ ነበርኩ። ልጃቸው ሂክማ ያኔ አፏን እየፈታች ነበር። ያየችውን ሁሉ የምታነሳ፣ ያነሳችውን ሁሉ የምትቀምስ ልጅ ነበረች።

ኢብሮ ትንሽ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣

«ቲጂ አቦ፣ ሥራ አመጣሁልሽ» አለኝ። «የጥገና እንዳይመስልሽ። የዲግሪሽ ሥራ ነው።»

ካርቶኑን ስከፍተው የሊፕስቲክ መያዣ የሚመስሉ፣ አጫጭር፣ የሚያብረቀርቁ ዕቃዎች ተደርድረዋል። አንዱን አነሳሁት። ከሊፕስቲክ ትንሽ ይከብዳል፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ አለው።

«ምንድን ነው?»

«ቬፕ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። እሳት የለው፣ አመድ የለው፣ ፈሳሹ ሲያልቅ ይጣላል። ይሄኛው ደግሞ ባለ ሁለት ቋት ነው። በአንዱ ማንጎ፣ በአንዱ ናና። ቁልፏን ስትገፊያት ከማንጎው ወደ ናናው ትሄዳለች። አዲስ ነገር ነው፣ ወላሂ።»

«ኢብሮ፣ ይሄ እኛ አገር ክልክል አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ማን ይሸጠዋል? ጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፣ በዚያው ወደ ውጭ ነጋዴዎች ያልፋል። ዕቃው ድሬን አይረግጥም።»

«ይሄስ የት ነው የረገጠው?» አልኩት ካርቶኑን እያሳየሁ።

ሳቀ። «ናሙና ነው አቦ! አንቺ ደግሞ!»

ገዢዎቹ ሦስት ናቸው። ኢብሮ፣ ሁላችንም «ሐጂ» እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ፣ እና የሐጂ ሸሪክ የሆነ አንድ ሰው። አቅራቢዎቹ ዳዊት የሚባል ወኪላቸውን ናሙና አስይዘው ከአዲስ አበባ ልከዋል። ሐጂ ግን «ሳላስፈትሽ አልፈርምም» ብለዋል። ኢብሮ የእኔን ስም የጠራው ያኔ ነው። እንድመልስላቸው የፈለጉት ጥያቄ ግልጽ ነበር። ባትሪው አስተማማኝ ነው? ሁለቱ ቋቶች እኩል ይሠራሉ? ያፈሳል ወይስ አያፈስም? የጅቡቲን መንገድ ሙቀት ይችላል?

«ጥሩ ከሠራሽ ቋሚ ያደርጉሻል» አለኝ ኢብሮ ሲወጣ። «ሐጂ በአፋቸው ነው ያሉት፣ ከእንግዲህ የምናስመጣውን ሁሉ ይቺ ልጅ ትፈትሽ ብለዋል።»

በረንዳው ላይ የተቀመጠው አባቴ ይህን ሰማ። ያን ቀን ምሳ ላይ ደጋግሞ እንጀራ ጨመረልኝ።

በማግስቱ ዳዊት ራሱ መጣ። ወኪል ሲሉኝ አንደበተ ርቱዕ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ነበር የጠበቅሁት። የመጣው ቀጭን፣ ትሁት፣ የድሬ ሙቀት ያሸነፈው ወጣት ነበር። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ውሃ ሰጠሁት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ስለ ዕቃው ሲያስረዳኝ በቃሉ የያዘውን የሚወጣ ተማሪ ይመስል ነበር።

«ፈሳሹ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የፍራፍሬ ጣዕም ነው።»

«ኒኮቲን የለውም?»

ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። «እሱ... እንደ ገበያው ነው የሚዘጋጀው። አንቺ የተጠየቅሽው ስለ ዕቃው ነው አይደል? ስለ ባትሪውና ስለ ቋቶቹ።»

እውነቱን ነው። የተጠየቅሁት ስለ ዕቃው ነበር።

ወደ ሥራዬ ገባሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ እጄ የሚያውቀውን ነገር መሥራት ነበር። ሲጋራ አጭሼ ስለማላውቅ አየሩን በስሪንጅ እየሳብኩ ነበር የምሞክረው። ቁልፉን ወዲያና ወዲህ እገፋለሁ፣ ማንጎው በስንት ስበት፣ ናናው በስንት ስበት እንደሚዳከም አያለሁ። ቻርጅ ላይ ሰክቼ ሆዱ እንዴት እንደሚግል እለካለሁ። ባትሪው መጥፎ አልነበረም። ቁልፉም ጥሩ ነው። ለሐጂ የምነግራቸውን በልቤ እያሳመርኩ ነበር።

የቀረኝ የሙቀቱ ፈተና ነበር። ለዚያ ላብራቶሪ አያስፈልገኝም፤ ድሬ ራሷ ላብራቶሪ ናት። ጥቂቶቹን ጓሮ ባለው የቆርቆሮ መጋዘናችን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከጅቡቲ የሚነሳ ኮንቴይነር ሆዱ ከዚያ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ስትወርድ ገብቼ አነሳኋቸው። እጄ ላይ ተጣበቁ።

ከንፈር የሚነካው ጫፍ ወርዝቷል። ውጪውን ስጠርገው ጨርቁ ማንጎ ማንጎ ሸተተ፤ የበሰለ፣ ጣፋጭ፣ ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ። አንዱን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ሁለቱን ቋት የሚለየው ግድግዳ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ሙቀቱ አጉብጦታል። ከላይ ያለው የጎማ ውታፍም ተለጥጦ ከቦታው ለቋል። በውስጡ የታፈነው አየር ሲግል መውጫ ሲያጣ ፈሳሹን ወደ ላይ ገፍቶታል። ሌላ ሰነጠቅሁ፤ ያው ነው። ሌላም፤ ያው።

እየሰነጠቅሁ ሳለ ራሴን አዞረኝ። አፌ በምራቅ ሞላ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ትዘል ጀመር። የሙቀቱ ነገር ነው ብዬ ጓንት ያላጠለቀ እጄን ታጥቤ ከማራገቢያው ሥር ተጋደምኩ። ቆይቶ ለቀቀኝ። ተጋድሜ የማስበው ስለ ሕመሜ አልነበረም፤ ስለ ቋሚው ሥራ ነበር። እነዚህ ሰዎች መስማት የሚፈልጉት «ጥሩ ነው» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ነገ ሄጄ «ያፈሳል» ልላቸው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት ቀጥሎ ከዚራ በሐጂ ቢሮ ስብሰባ ተይዟል። ኢብሮን ሰው ፊት ከማሳጣው ቀድሜ ለብቻው ልንገረው ብዬ ረፋዱ ላይ በባጃጅ ወደ መጋላ ወረድኩ። ሁለት የተሰነጠቁና አንድ ሙሉ ዕቃ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

የግቢያቸው በር ገርበብ ብሏል። ገና ሳልገባ የነጂማን ድምፅ ሰማሁ።

«ሂክማ! ሂክማዬ! ያ አላህ፣ ምን ሆነችብኝ!»

ሮጬ ገባሁ። ነጂማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ልጇን አቅፋለች። ጎረቤቷ የሆነች ሴት በካርቶን ታራግብላታለች። ሂክማ ፊቷ አመድ መስሏል። ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሎ ለሃጯ ያለማቋረጥ አገጯ ላይ ይወርዳል። ልብሷ በትውከት ርሷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን እኮ ነው! ደህና ስትጫወት ነበር። ድንገት አስመለሳት፣ ከዚያ እንዲህ ሆነች።»

«ሙቀቱ ነው» አለች ጎረቤቷ። «ወይ የደንጌ ትኩሳት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ታሟል። ወተት እናጠጣት፣ ወተት ሁሉን ያበርዳል።»

ጎንበስ ብዬ ሂክማን ነካኋት። ልቧ ከደረቷ ልትወጣ ትመስላለች። ያኔ ነው የሸተተኝ። ከትውከቱ ሽታ ሥር፣ ከአንገትጌዋ ላይ፣ የበሰለ ማንጎ።

«ነጂማ፣ ማንጎ በልታለች?»

«ምን ማንጎ? ወቅቱም አይደል!»

እጆቿን ገልጬ አየሁ፤ ጣቶቿ ይጣበቃሉ። ትናንት ከሰዓት የተሰማኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። የአፌ ምራቅ፣ የልቤ መዝለል፣ ማዞሩ። እኔን ትልቋን ሴት በእጄ ቆዳ ገብቶ ያጋደመኝ ነገር እዚች ሕፃን አፍ ውስጥ ገብቷል። ተነስቼ እንደ እብድ ምንጣፉን፣ ትራሱን እያነሳሁ መፈለግ ጀመርኩ። ከመጅሊሱ፣ ከወለል መቀመጫው ሥር አገኘሁት። ብርማ ቀለም ያለው፣ ጫፉ የወረዛ።

«ይሄን ማነው ያመጣው?»

ነጂማ አየችውና ግራ ገባት። «የኢብሮ ነው። መኪናው ውስጥ ሲንገላታ ከርሞ ትናንት አስገባው። የስልክ ነገር መስሎኝ...»

መኪናው ውስጥ። ፀሐይ ላይ። እኔ ቆርቆሮ ሥር ያደረግሁትን የኢብሮ መኪና በራሷ ጊዜ አድርጋዋለች።

«ወተቱን ተይው!» አልኳት ጎረቤቷን። ፋብሪካ እያለሁ ስለ ኬሚካል አደጋ ያሠለጠኑን ሰው አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። አታስመልሱ፣ አትመግቡ፣ እጠቡ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሩጡ። የልጅቷን ቀሚስ አወለቅን፣ አፏንና እጇን በውሃ ጠራረግን፣ ነጂማ በሻሿ ጠቀለለቻት። ኢብሮ ስልኩን አያነሳም። ባጃጅ ያገኘነው ከሰፈሩ መውጫ ላይ ነው። ሾፌሩ ልጅቷን ሲያይ የተሳፈረውን ሰው «ወሪያ ውረድልኝ፣ በአላህ!» አለው፤ ሰውየውም ሳያንገራግር ወረደ።

ደቻቱ ድልድይ ላይ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ከሥር ወንዙ እንደ ወትሮው ደረቅ አሸዋ ነው። ሂክማ መጀመሪያ ታቃስት ነበር፤ ድልድዩ ላይ ዝም አለች። ጭንቅላቷ በነጂማ ክንድ ላይ ተንጠለጠለ።

«ቲጂ፣ ዝም አለች። ለምንድን ነው ዝም ያለችው?»

«ደክሟት ነው። እያናገርሻት ሂጂ።»

«ምን ልበላት?»

«የፈለግሽውን!»

ነጂማ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም የምታውቀውን የልጅ ማባበያ ሁሉ ጆሮዋ ላይ ታንሾካሹክላት ጀመር። እኔ የልጅቷን እግር ይዤ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ተጭኖ አልለቀቀም።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ዶክተር ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፁ ግን የተረጋጋ። እጁ ሥራውን ሳያቋርጥ ይጠይቃል።

«ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ? የአይጥ መርዝ? የሰው መድኃኒት?»

ፌስታሌን ዘረጋሁለት። «ዶክተር፣ ይሄ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ጫፉ ላይ ያዣል፤ ያንን ጠጥታው ነው። ትናንት እጄን ነክቶኝ እኔንም አሞኛል።»

ዕቃውን ተቀብሎ አሸተተው። «ኒኮቲን አለው?»

«ሻጩ አልነገረኝም።»

«ማወቅ አለብኝ» አለ። «ምልክቱ የተባይ መድኃኒት ከሚያመጣው ጋር ይመሳሰላል፤ ሕክምናው ግን ሙሉ ለሙሉ አንድ አይደለም። እስከዚያ የምችለውን አደርጋለሁ። ፈጥነሽ ጠይቂልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ዳዊት ጋ ደወልኩ። ወዲያው አነሳ።

«ትዕግሥት! ጨረስሽ እንዴ?»

«ዳዊት፣ ፈሳሹ ውስጥ ምን አለ?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ጣዕሙ...»

«የኢብሮ ልጅ ጠጥታዋለች። ሕፃኗ። ድንገተኛ ክፍል ነን።»

የሚሰማኝ ያረፈበት ሆቴል ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ነበር። ያ ዝምታ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ውስጡ ግን አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲታገል ይሰማኝ ነበር። ይዘጋብኛል ብዬ ነበር።

«የቱ ሆስፒታል?» አለኝ። «አለው። ኒኮቲን አለው፣ ብርቱ ነው። ለዶክተሩ ስልኩን ስጪው፣ እኔም እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን ይዤ ሮጥኩ። ዶክተሩ አዳመጠው፣ ስለ መጠኑ ጠየቀው፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ስልኬን መለሰልኝና ለነርሷ ማዘዝ ጀመረ። ወዲያው ሂክማ ተንቀጠቀጠች። ትንሽዬ ሰውነቷ በሙሉ ተገታተረና እንደ ቅጠል ተርገፈገፈች። ነጂማ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ነርሷ ሁለታችንንም ገፍታ አስወጣችን፤ በሩ ተዘጋ።

ጓደኛሽን አቅፈሽ በተዘጋ በር ፊት የቆምሽ እንደሆነ ምን ይባላል? ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እሷ «ያ ረቢ» ትላለች፣ እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። ከከተማው ዳር፣ ከመልካ ጀብዱ የታመመ ሕፃኗን ይዛ የመጣች አንዲት ገበሬ የማታውቃትን የነጂማን እጅ ያዘችና አብራን ተቀመጠች።

ዳዊት ደረሰ። እየሮጠ ነው የመጣው። አጠገባችን መቀመጥም መቆምም አልቻለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ቆይቶ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ስለ ፈሳሹ አትናገር ነው ያሉኝ» አለኝ። «ገዢ ካልጠየቀ አታንሳ፣ ከጠየቀም አቅጣጫ ቀይር። እኔም ልጅ አለኝ፣ ትዕግሥት። ይቺን ታክላለች።»

በመጨረሻ ኢብሮ መጣ። ከሱቁ አንዱ ሰው ነግሮት ነው። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ዳዊት ላይ ነበር። ወዲያው አንገቱን አነቀው። ዳዊት አልተከላከለም፤ እጆቹን ዝቅ አድርጎ ቆመለት። ጥበቃው ከወዲያ ሲሮጥ ነጂማ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ልቀቀው» አለችው።

«ልጄን ነው የገደለብኝ!»

«አልሞተችም! አፍህን ያዝ! ይሄ ሰው መጥቶ እውነቱን ተናግሯል። እሱን ልቀቅና እኔን ያዘኝ፣ መቆም አቅቶኛል።»

ኢብሮ ለቀቀው። ሚስቱን ይዞ በአንድነት ወለሉ ላይ ወረዱ። ጨዋታ አዋቂው፣ ድሬን በሳቅ የሚያዞረው ኢብሮ ፊቱን በሻሿ ሸፍኖ፣ «እኔ ነኝ ቤት ያስገባሁት፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል። አዘንኩለት። ከሁሉም በላይ ያን ቀን የተጎዳ እሱ ይመስለኛል። ከአባቱ ጥላ ወጥቶ የራሱን ነገር ማቆም የፈለገ ሰው ነበር፣ ሌላ ክፋት አልነበረውም።

ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ እኛ ተሰብስበናል። ኢብሮም አይነሳ፣ ያ ልጅም የለም። ውጤቱስ እንዴት ነው?»

ስንት ቀን ሳሳምረው የከረምኩት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ።

«ያፈሳል ሐጂ» አልኳቸው። «ሙቀት ሲነካው ያፈሳል። የኢብሮ ልጅ አግኝታው ጠጥታለች። ሆስፒታል ነን።»

«ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» አሉ፤ ኃይል ሁሉ የአላህ ነው እንደማለት። ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆዩ ሸሪካቸውን አስከትለው ምርኩዛቸውን እየመቱ በኮሪደሩ መጡ። ኢብሮ አጠገብ ቆመው እጃቸውን አናቱ ላይ አሳረፉበት፣ እንዲሁ ቆዩ።

በሩ የተከፈተው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ዶክተሩ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ። ሁላችንም ተነሳን።

«መንቀጥቀጡ ቆሟል» አለ። «አተነፋፈሷ እየተስተካከለ ነው። ገና አልጨረስንም፤ እስከ ነገ ከዓይኔ አትጠፋም። ግን ቶሎ አምጥታችኋታል፣ ምን እንደወሰደችም አውቀናል። እናቷ፣ ግቢና እጇን ያዢ።»

ነጂማ ገባች። ኢብሮን ሐጂ ደግፈው አስገቡት።

እኔ ወደ ግቢው ወጣሁና ኒም ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እስከዚያ አላለቀስኩም ነበር። የሐጂ ሸሪክ ተከትሎኝ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፣ እስክረጋጋ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

«እኔ ምልሽ ልጄ» አለኝ፣ «ማፍሰሱን ማስቀረት ይቻላል? ማለቴ፣ ጠንከር ያለ ውታፍ፣ ወፈር ያለ ግድግዳ ቢደረግለት? የማያፈስ አቅራቢ ብንፈልግስ?»

የጥራት ቁጥጥር ሰው ነኝና ጥያቄው ይገባኛል። መልሱንም አውቀዋለሁ። ይቻላል። የተሻለ ጎማ፣ የተሻለ ፕላስቲክ፣ አየሩ መውጫ ትንሽ መንገድ፣ ያኔ ጥሩ ዕቃ ይሆናል። አፌን ልከፍት ስል ግን ሌላ ነገር መታኝ። ዕቃው ባያፈስ ኖሮ እኔ ዛሬ ሐጂ ፊት ቆሜ «ጥሩ ነው፣ ግዙት» ልል ነበር። የተጠየቅሁትን ሁሉ ፈትሼ፣ ሁሉንም በትክክል መልሼ፣ ቋሚ ሥራዬን ይዤ ወደ አባቴ ልመለስ ነበር። ውስጡ ያለው ያው ነገር ነው። ማንጎ የሚሸተውም ያው ነው። የሕፃን እጅ የሚያህለውም ያው ነው።

«ውታፉን ማስተካከል ይቻላል» አልኩት። «እኔ ግን አላስተካክልላችሁም። ይህን ዕቃ ከእንግዲህ አልፈትሽም።»

ሐጂ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «በቃ፣ የዚህ ዕቃ ነገር ተዘጋ» አሉ ለሸሪካቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሂክማ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥላ በአፍንጫዋ የገባውን ቱቦ አየችና በቁጣ መንቀል ፈለገች። ነርሷ «ይቺማ ጤነኛ ናት!» ብላ ሳቀች። ኢብሮ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወረደ።

ቋሚው ሥራ ቀረ፤ የሚፈተሽ ዕቃ አልነበረማ። ለአባቴ ስነግረው «ልጅቷ ተርፋለች?» አለኝ። «ተርፋለች።» «እንግዲያው ሠርተሻል» አለኝ፤ በረንዳው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከወራት በኋላ ሐጂ ከውጭ ያስመጡትን የሶላር መብራት ናሙና ላኩልኝ። ቀጥሎ ሌላ ነጋዴ ቻርጀር ይዞ መጣ፣ ሌላው የልጆች መጫወቻ። ዛሬ የምኖረው በዚህ ነው። ሁሉም ይወደኛል ማለት አይደለም። «ቲጂ ጋ ከወሰድከው ታስቀርብሃለች» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አስቀርባቸዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነጋዴም ሁኑ ፈታሽ፣ አንድ ዕቃ ፊታችሁ ሲቀርብ የገዢው ጥያቄ ብቻ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ገዢው ስለ ባትሪው ይጠይቃል። መጅሊስ ሥር አግኝታ የምታነሳው ልጅ ግን ስብሰባው ላይ የለችም፤ ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት። ወላጆች ደግሞ፣ ደህና ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ገርጥቶ ቢያስመልስና ለሃጩ ቢዝረበረብ «ምን በላ?» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ። «ምን አገኘ?» በሉ። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ዳዊት ያን ሥራ በዚያው ሳምንት ለቀቀ። አሁን አዲስ አበባ የውሃ ፓምፕ ይሸጣል። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ልጅቷ እንዴት ናት?» ኢብሮ የዳዊት ስም ሲነሳ እስካሁን ፊቱን ያዞራል፤ አልፈርድበትም።

በቅርቡ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን፣ እነ ኢብሮ ቤት ምሳ ተጋብዤ ሳለ ዳዊት ደወለ። አንስቼ «ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት» አልኩት። ነጂማ ማን እንደሆነ ከድምፄ አወቀች። ለቅጽበት እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። ኢብሮን አየችው፤ ኢብሮ አቀረቀረ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከጆሮዬ ወሰደችና ለሂክማ ሰጠቻት።

«አናግሪው» አለቻት።

ሂክማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ማነህ?» አለችው። የመለሰላትን አልሰማሁም። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ስለ አዲሱ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ቀዩ ቦርሳዋ፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት ትተርክለት ጀመር፤ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማናችንም አላቋረጥናትም።